ፈጣኑን ስጠብቅ

እኔ ድሮም መምረጥ አልችልም። ሸሚዝ ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን የምመለስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይህን እያወቀች የኮምፒውተሩን ምርጫ ለእኔ መተዋ ምን ይባላል!

አሰብ የሄድነው እኔ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን ሆኜ ስመደብ ነው። እሷ ወደቡ ላይ ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። የቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ አንድ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ነበር። በዚያ ሙቀት ስትስቅ የማያት በምሳ ሰዓት እሱን ስትጫወት ብቻ ነው። ኋላ ኮምፒውተር ወደሌለበት ክፍል ተዛወረች።

“ለቤት አንድ ግዛልኝ” አለችኝ። “እንዲሁ ተቀምጬ ሌላ ሐምሌ እዚህ አልገፋም። ደሴ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።”

ቀልድ መሰለኝ።

ሣጥኑንና ስክሪኑን ወዲያው ገዛሁ። የቀረው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ ሞተር፣ ከነቦርዱ ነበር። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጡ አንድ የወሎ ነጋዴ አሉ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። መደርደሪያቸው ላይ ፎር ኤይቲ ሲክስ የሚባለው ፕሮሰሰር ተቀምጧል።

“አዲሱ፣ ፈጣኑ ፔንቲየምስ የለም?” አልኳቸው።

“ይመጣል፣ ኢንሻላህ። ግን ወንድሜ፣ ለጨዋታ ከሆነ ይኼ ምን አነሰህ?”

እሷም “የቢሮዬ እኮ እሱው ነበር፤ ይበቃኛል” አለች። እኔ ግን ሞተር አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ እንቢ አልኩ። መጋቢት ላይ ፔንቲየሙ በሚቀጥለው መርከብ ይደርሳል ተባለ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ከሱም የፈጠነ ፔንቲየም መውጣቱን ሰማሁ፤ ያንን ልጠብቅ አልኩ።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እላታለሁ።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ትለኛለች፣ ባዶውን ሣጥን ከአቧራ እየወለወለች።

ሰኔ ሲጋመስ ሻንጣዋን አዘጋጀች። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት።

“ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺ፤ ይደርሳል” አልኳት።

“አንተ እስክትመርጥ እኔ አለቅሁ” አለችኝና ገባች።

ፈጣኑ ፔንቲየም በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በገዛ እጄ ገጣጠምኩት። ጨዋታዋን የቀዳችበትን ዲስኬት ትታው ነበርና ከተትኩት። መኪናዋ ብቅ አለች። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሳያርፍ ከግድግዳ ጋር ተላተመች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። አሥር ጊዜ ሞከርኩ።

ሐጂ ጋ ሄድኩ። “ጨዋታው የድሮ ነዋ” አሉኝ። “የተሠራው ለዘገምተኛ ማሽን ነው። ፈጣን ላይ ስትጭነው ያብዳል።”

“ያ ፎር ኤይቲ ሲክስስ?”

“ወላሂ ትናንት ተሸጠ።”

በእሷ መሄድ ያላለቀስኩ ሰው እዚያ ሱቅ ውስጥ እንባዬ መጣ። አፈርኩ።

ከዚያ ቴሌ ሄጄ ደሴ ደወልኩ።

“መጣ” አልኳት።

“ጨዋታውስ እንዴት ነው?”

“ፈጠነብኝ።”

“ባንተ?” አለችና ሳቀች። ከደሴ አልተመለሰችም፤ ሳቋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።