ለታንቴ ፋንግ «ቴክ»ን ያስተማርን ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር፣ በምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዬ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት፤ ከእኛ በላይ የምትኖረው የጓደኛዬ የሊያን እናት። ታንቴ ፋንግ ነበር የምላት፤ ታንቴ በኖርዌጅኛ አክስት ማለት ነው። ደረጃው እርጥብ ጃኬትና የሳሙና ውሃ ይሸታል፤ ከእነሱ በር ስር ደግሞ የሚጠበስ ዝንጅብል ሽታ ይመጣል። እስካሁን ዝንጅብል ሲጠበስ ትዝ የሚለኝ «ቴክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ታንቴ ፋንግ ከቻይና ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም፤ ኖርዌጅኛ አትችልም። መሃል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ግን እንግሊዝኛ ብቻ የሚችልም ይቀጥራል ተባለ። ሥራውን ካላገኘች ሊያንን ይዛ በርገን የሚባል ሩቅ ከተማ ዘመድ ጋ ልትሄድ ነው። ሊያን ይህን የነገረችኝ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ ቀና ሳትል ነው። በማግስቱ የእናቷን መዝገበ ቃላት ይዘን ሦስታችንም ደረጃው ላይ ቁጭ አልን።

ያስቸገረን «ቴክ» ነው። መዝገበ ቃላቷ «መውሰድ» ብሎ ያልፈዋል። እንግሊዞቹ ግን አውቶቡስም ቴክ፣ መድኃኒትም ቴክ፣ ፎቶም ቴክ፣ ሻወርም ቴክ ነው የሚሉት። ሊያን እንዳለችኝ በቻይንኛ አውቶቡስ ይቀመጡታል፣ መድኃኒት ይበሉታል፣ ፎቶ ደግሞ ይመቱታል። እኛ በአማርኛ መድኃኒት እንደምንውጥ፣ ፎቶ እንደምንነሳ ስነግራቸው እናትና ልጅ ሳቁብኝ። ስለዚህ በድርጊት ማስተማር ጀመርን። ሊያን ሹፌር ትሆናለች፣ እኔ ነርስ፣ ታንቴ ፋንግ የደረጃውን ብረት ይዛ «አይ ቴክ ባስ» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ ታፍራለች፤ ካለፈ በኋላ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች።

የኢንተርቪው ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ይዛን ሄደች። እኛ ሶፋ ላይ፣ እሷ ከሥራ አስኪያጇ ጋር እዚያው አጠገባችን ጠረጴዛ ላይ። ሊያን እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። በምን ትመጫለሽ ስትባል «አይ ቴክ ቲ-ባነ» አለች፣ የከተማውን ባቡር ማለቷ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ትችያለሽ ስትባል «የስ፣ አይ ቴክ»። አንዱንም አልሳተችም። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ ሥራው ያንቺ ነው፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ አለቻት። ታንቴ ፋንግ አንገቷን ደፍታ፣ በሁለት እጇ እየተከላከለች፣ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች። ሴትዮዋ ወረቀቷን ሰበሰበች። ከዚያ «ኦኬ» ብላ እጇን ጨበጠቻት።

የሚገርመው ማናችንም አልደነገጥንም። በእነሱ ቤት የመጀመሪያ ግብዣ እሺ አይባልም። በእኛም ቤት እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፣ እማዬ «በሞቴ» ትላለች፣ ከዚያ ነው የሚበላው።

«እንደገና ትጠይቃታለች» አለችኝ ሊያን ባቡር ውስጥ።

«ማታ ትደውላለቻ» አልኳት።

እቤት ስገባ እማዬ ከጽዳት ሥራዋ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። በደስታ ነገርኳት።

«እምቢ አለች?»

«ለይሉኝታ ነው እኮ፣ እማ።»

«ማሂዬ፣ እዚህ አገር ሰው የሚጠይቀው አንዴ ነው።» ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። እሷ ራሷ አዲስ በመጣችበት ጊዜ አለቃዋ ቋሚ ሥራ ትፈልጊያለሽ ሲላት «አይ፣ አትቸገር» ብላ፣ ለሌላ ሰው እንደሰጠው ያኔ ነው የሰማሁት። «ሂጂ ንገሪያት፣ ጃኬቷን ትልበስ። ሰው ሳይቀጥሩ እንድረስ።»

ብንደውል የሆቴሉ ስልክ አይነሳም። አራታችንም ባቡር ውስጥ ቆመን ሄድን፤ ወንበር ጠፍቶ ሳይሆን መቀመጥ አቅቶን። የታንቴ ፋንግ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ስንደርስ ሥራ አስኪያጇ ካፖርቷን ለብሳ፣ ስልክ እያወራች ልትወጣ ነው። ታንቴ ፋንግ በሩ ላይ ቆመችባት።

«አይ ቴክ» አለች። «አይ ቴክ ጆብ። ፕሊስ።»

«ኖ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

እማዬ በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጅኛዋ ገባችበት፦ «ኖ ያለችሽ አክብራሽ ነው። እኛም አገር እንደዚሁ ነው። ደግመሽ ብትጠይቂያት እሺ ትልሽ ነበር።»

ሴትዮዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ታንቴ ፋንግን አየች። ስልኩ ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማል። «መልሼ እደውላለሁ» አለችና ዘጋችው። «እሺ፣ ልድገመው። ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?»

ጥያቄው ሳያልቅ ታንቴ ፋንግ «የስ» አለች። ሊያን እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

ሊያን ዛሬም ከእኛ በላይ ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ለሰመር ሥራ ስጠየቅ ሰውየው ሳይጨርስ እሺ አልኩት፤ እማዬም ጎበዝ አለችኝ። ጎበዝ ነኝም። ግን አንዳንዴ ያቺ የመመለሻ ባቡር ትናፍቀኛለች፤ ዓለም በሙሉ እንደገና ይጠይቀናል ብለን ተረጋግተን የተቀመጥንባት። አሁን ቶሎ እሺ እላለሁ፣ ሰዉም ቶሎ ይሄዳል። ከቤታችን ውጭ በሞቴ የሚለኝ የለም።