የድመቷ ፖታሲየምና የእኔ ጦም

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የእማዬ ድመት አንገቷ አልታዘዝ አላት። አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ ቀና ብላ ልታየን ስትፈልግ ዓይኗን ብቻ ታንጋጥጣለች። እማዬ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ውሎዋ ከእሷ ጋር ነው። "እሷም ልትሄድብኝ ነው" ብላ ስታለቅስ፣ ድመቷን በዘንቢል ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ዘንቢሉ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ "እህቴ፣ ዶሮ በሁዳዴ?" አይለኝም! ከፍቼ አሳየሁት። እኔን ነው በጦም የሚጠረጥረኝ!

የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን መርምሮ፣ ኩላሊቷ እንደደከመና በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጣም እንደወረደ ነገረኝ። ጡንቻዋ የዛለው ለዚህ ነው አለ።

"ሙዝ ላብላት?" አልኩት። ሙዝ ፖታሲየም እንዳለው ሰምቼ ነበር፤ ደግሞም የጦም ነው።

ሳቀብኝ። "ድመት ናት እኮ! ይህን የፖታሲየም ዱቄት በልኩ ከሥጋ ጋር ይስጧት። በባዶ ሆዷ እንዳይሆን፣ ያስመልሳታል። ለመሆኑ መብላት የቀነሰችው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

እኔ ምን አውቄ!

ቤታችን በሁዳዴ ሥጋ አይገባም። እማዬ "ድመት ምን ጦም አለባት" እያለች ብትለምነኝም፣ ግትር ያልኩት እኔ ነኝ። ዱቄቱን በሽሮ ለወስኩላት፤ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ምስርም እንደዚያው። በማግስቱ ከተኛችበት መነሳት አቃታት። እማዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሥጋ የሚገኘው ጎረቤታችን ጋ ነው። ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጦምም። ጦሙ የገባ ሰሞን የጥብሷ ሽታ ቢመጣብኝ በሯ ድረስ ሄጄ፣ "ትንሽ ይሉኝታ እንኳ የለሽም? ሰው እኮ ይጦማል!" ብዬ ጮኼባታለሁ። አሁን በየትኛው ዓይኔ ልያት?

ሄድኩ፤ ድመቷን ታቅፌ፣ ዱቄቱን ይዤ። ገና "ለድመቷ..." ከማለቴ ተቀብላኝ፣ "ውይ የኔ ቆንጆ! ምን ሆንሽብኝ?" ብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ስትነግረኝ ነው የሰማሁት፤ ለካ ድመቷ በየጦሙ ምሳዋን የምትበላው እዚህ ኖሯል! እማዬም ታውቅ ነበር፤ እኔን ፈርታ ነው የደበቀችኝ።

"ከተቆጣሽኝ ወዲህ እቤት ሥጋ አላበስልም፤ ሥራ ቦታ ነው የምበላው" አለች ጎረቤቴ። "እሷ ግን ደጃፌ ላይ ስትጠብቅ ቆይታ ትመለስ ነበር።"

ሐኪሙ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ያለኝ ታወሰኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከፍሪዘር ከዚያ በፊት የቀራትን ሥጋ አውጥታ አድቅቃ ከተፈችው፣ በመጥበሻ ለብ አደረገችው፣ ዱቄቱን ለወሰችበት። ድመቷ ቀና ማለት ስላልቻለች ጎረቤቴ ሥጋውን በመዳፏ አገጯ ሥር ዝቅ አድርጋ ያዘችላት። ቀስ እያለች ላሰች፤ ከዚያ በላች። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ጎረቤቴ ዓይኔን አየችና ደነገጠች። "ሽታው ነው አይደል? አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ እኔ አበላታለሁ" አለችኝ፣ ከልቧ።