«የሁሉም ነው» ያልኩበት ቀን

በኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሰው ከሻማ በፊት ጎረቤት ይፈልጋል። በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ያወጣና «እናንተም ጋ ጠፋ?» ብሎ ይጮኻል። ከወዲያ «ጠፋ!» የሚል መልስ ሲመጣለት ፊቱ ይፈታል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የሁሉም ነው» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። ምን ተገኝቶ ነው ምስጋናው? ለምን እንዲህ እንደምንል ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ እኔም እንደዚያው ስል ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ያን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በቀደም ሚኒባስ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው በስልክ «የሁሉም ከሆነማ ምን ችግር አለው» ሲል ሰምቼ፣ ሳላስበው ዞሬ አፈጠጥኩበት። «ምን አደረግኩህ ወንድሜ?» አለኝ። ምንም አላደረገኝም።

ነገሬን የሚያብሰው ኤሌክትሪሺያን መሆኔ ነው። የምኖረው ደሴ ከእናቴ ጋር ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው፣ በየቀኑ ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ እመለሳለሁ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ቀጥ ሲል ጎረቤቱ ያለው ማሽን ቆሞ እንደሆነ አይቶ የሚጽናና ሰው የለም። እንሮጣለን። ጥፋቱ ከውጭ ነው ከውስጥ? ሦስቱም ፌዝ ነው አንዱ ብቻ? ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የማስረዳው ይህንን ነው፦ መብራት ወደ ሰፈር የሚመጣው በሦስት ሽቦ ነው፣ እነሱን ነው ፌዝ የምንላቸው። አንዱ ቤት ከአንዱ ይቀጠላል፣ ሌላው ከሌላው። የአንዱ ፊውዝ ምሰሶ ላይ ከተቃጠለ በዚያ ሽቦ ያሉት ቤቶች ብቻ ይጨልማሉ፣ የቀሩት ምንም ሳያውቁ ቴሌቪዥናቸውን ያያሉ። ይህንን እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብጠየቅ እመልሰዋለሁ። ለእናቴ ቤት ሲሆን ግን ጠፋኝ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰኞ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ነው የኖረችው። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ገበያውን ተወች፣ ገበያውን ስትተው ደግሞ አፏንም ዘጋች። ያቺ ከሦስት ደንበኛ ጋር ባንድ ጊዜ የምትከራከር ሴትዮ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮት ስር ተቀምጣ ዝም አለች። ከሥራ ስደውልላት «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች። አንድ ቀን ሳይታሰብ «ጫጩት አምጣልኝ» አለችኝ። ደስታዬን ደብቄ፣ ከኮምቦልቻ ስልሳ የአንድ ቀን ጫጩት ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጌ አመጣሁላት።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የደሴን ሐምሌ ለሚያውቅ ሰው ብርዱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላባ ላላወጣ ጫጩት ደግሞ ያ ብርድ ሞት ነው። ስለዚህ ከጣውላ ሳጥን ሠራሁ፣ ከላዩ መቶ ሻማ አምፖል አንጠለጠልኩ፣ ከፍታውን ለክቼ አሰርኩ። በጥበቤ ኮርቼ ነበር። አምፖሉ ቢጠፋስ ብዬ ግን ከሻማና ከባትሪ በቀር ያዘጋጀሁላት ነገር አልነበረም። ሻማ ለሰው እንጂ ለጫጩት ምን ያደርጋል!

አምስት ቀን ሙሉ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። በስልክ እያወራችኝ መሃል ላይ ትተወኝና «ኧረ አትጋፉ! ተራ ያዙ!» ስትላቸው እሰማለሁ፣ የገበያ ድምጿ ተመልሶ። አንዷን ጫጩት «ይቺ ባለጌ» ትላታለች፣ ሌሎቹን እየረገጠች ውሃ ላይ ስለምትወጣ። ስልኩን ስዘጋ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«መብራት ሄደ» አለችኝ።

«የሁሉም ነው?»

«ሐጂም ጋ ጠፍቷል። ከማዶ ያለችውም ጠፍቷል ብላለች።»

ሐጂ ያልኳቸው ግድግዳ የምንጋራቸው ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። «አብሽሪ እማዬ» አልኳት። «የሁሉም ከሆነ ይመጣል። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈን አድርጊላቸው።» ይኼው ነው ያልኩት። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ። «እንደሄደ ነው» አለች። «ወላሂ እየበረዳቸው ነው። እየተደራረቡ ነው፣ በእጄ እየለያየኋቸው ነው።» እኔም «እንግዲህ የሁሉም ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ታገሺ» አልኳት። ያን ዕለት ከሰዓት አንድ ማሽን ቆመ ተብዬ በሩጫ ሄጄ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ሠርቼ አስነስቼዋለሁ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። እናቴ ጋ እንደገና ስደውል ስልኳ ዝግ ነው፤ ቻርጅ ጨርሶባታል።

አሥር ሰዓት ስወጣ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ እየዳበሰ ነው የነዳው። ሰፈራችን ወርጄ በዝናብ ስሮጥ የፀጉር ቤቱን በር አልፌ ነበር፤ አንድ ድምፅ ሰምቼ ተመለስኩ። የፀጉር ማሽኑ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን አጎንብሶ ይላጫል፣ ከራሱ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሏል። ከእናቴ በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«መብራት መቼ መጣ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «መች ጠፋና?»

እዚያው በሩ ላይ ገባኝ። ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። አንድ ፌዝ!

ስገባ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ከጎኗ የከሰል ምድጃ ይጨሳል። ጋቢዋን ስትገልጥ ደረቷ ላይ የሙጥኝ ያሉ አሥራ ሰባት ጫጩቶች አየሁ። የቀሩት ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ጥግ ላይ ተከምረው። ጫጩት ሲበርደው ለመሞቅ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ሲሞቀው ከስር ያለው ታፍኖ ይሞታል። እኔ በስልክ ሸፍኚበት ያልኳት ብርድ ልብስ ደግሞ የቀራቸውን አየር ዘጋባቸው። እናቴ ቀኑን ሙሉ በእጇ ስትለያያቸው ውላለች። «ዙሁር ልስገድ ብዬ ተነሳሁ» አለችኝ። «ለዚያች ለሰላቴ ያህል ነው የተውኳቸው። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።» የሞተችውን ባለጌዋን መርጣ ለብቻዋ ጨርቅ ላይ አስቀምጣታለች።

ስልኬን አውጥቼ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ጥገናዎች ደወልኩ። እንዴት እንደማዋርዳቸው ቃላት መርጬ ጨርሻለሁ። ያነሳችው ሴት ሰፈሩን ጠየቀችኝ፣ መዝገቧን አየችና «ከዚያ መስመር ማንም አልደወለም እኮ ወንድሜ፣ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት» አለችኝ። ደግሞም ወዲያው ላከች! ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው መጡ፣ አንዱ ምሰሶው ላይ ወጣ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየረ፣ መግሪብ አዛን ሳይል ወርዶ እጁን አራገፈ። ቀኑን ሙሉ የጠበቅነው ነገር ያን ያህል ጊዜ ነበር የሚፈጀው። የምሰድበው ሰው አጣሁ፣ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። አምፖሉ ሲበራ ብርሃኑ ያረፈው ክምሩ ላይ ነው።

ቁጣዬን ይዤ ሐጂ በር ላይ ቆምኩ። የጨለመብን ሰባት ቤት ነበርን፣ ድምፄን ሰምተው ከየቤታቸው ወጡ። እየጮኽኩም አንቱታዬ አለቀቀኝም።

«ሐጂ፣ እርስዎ ማንን ጠይቀው ነው የሁሉም ነው ያሉት?»

«እናትህን» አሉኝ። «ጠፍቷል አለችኝ።»

ወደ ማዶዋ ሴትዮ ዞርኩ። «አንቺስ?»

«ሐጂን» አለች።

የቀሩትም እንደዚያው። እናቴ ሐጂን፣ ሐጂ እናቴን፣ ሴትዮዋ ሐጂን። ባንድ ሽቦ ላይ ያለን ሰባት ቤቶች እርስ በርስ ተጠያይቀን፣ ተስማምተን፣ ደሴን በሙሉ አጨለምናት። ሠላሳ እርምጃ ሄዶ ፀጉር ቤቱን ያየ የለም። «ሰባት ስልክ!» አልኳቸው። «ከሰባት ስልክ አንዱ እንኳ አይደውልም?» ሐጂ ኮፊያቸውን አስተካክለው «ሌላው ደውሎ ይሆናል ብለን ነው ልጄ። አፉ በለን፣ ይቅር በለን» አሉኝ። አፉ አላልኳቸውም። በራቸውን ትቼ ገባሁ፣ እስካሁንም ሰላምታዬ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ እኔ ሥራ ስውል እናቴን ስለሚያዩልኝ ላመሰግናቸው እንደሚገባኝ እያወቅሁ ነው።

የሚቀጥለውን እሑድ በሥራ አዋልኩት። ምሰሶ ለምሰሶ እየዞርኩ የየቤቱን ሽቦ ተከተልኩ። ፀጉር ቤቱ በሌላ ፌዝ ነው፣ መስጊዱ በሦስተኛው። ለጥገናዎቹ የሚደወልበትን ቁጥር እናቴ ያለ መነጽር እንድታነብበው አድርጌ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። ቻርጅ የሚይዝ ባትሪም ለስልኳ ገዛሁላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ቆጣሪያችን ጋ ያለውን ብሬከር እዪ። ካልወረደ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመልከቺ፣ ከዚያ ወደ መስጊዱ፤ ሐጂን አትጠይቂ። የነሱ ከበራ የኛ ፊውዝ ነው፤ የሁሉም ቢሆንም ደውዪ፣ ሌላ ሰው ደውሏል ብለሽ አታስቢ። መብራቱ ሲመለስ ጉልበቱ ስለሚበዛ ፍሪጁን ቀድመሽ ንቀዪው። ለጫጩቶቹ ሙቅ ውሃ በጄሪካን ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ መሃላቸው አስቀምጪ። በየካርቶኑ ጥቂት ጥቂት አድርገሽ ለያዪያቸው፣ እንዳይከመሩ። ብርድ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አትክደኚባቸው።

አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የተረፉት ጫጩቶች አምፖሉ ስር ይንጫጫሉ፣ ተራ ያዙ የሚላቸው ግን የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ አላወራቻቸውም።

«ገባኝ» አለች በመጨረሻ። «አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ጠዋት ስደውልልህ፣ የኔ ብቻ ነው የጠፋው ብልህ ኖሮ ትመጣ ነበር?»

መዋሸት አማረኝ። ግን ሥራዬን ታውቃለች፣ እኔንም ታውቀኛለች።

«አስፈቅጄ እመጣ ነበር» አልኳት።

«ብርዱ እኮ ያው ነበር» አለችኝ።