ጠማማው ቁልቋልና የማያፈሰው ሸክላ

ፀጉር አስተካካዩን ያ ጠማማ ቁልቋል ፍቅር አስይዞት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጠል የለው፣ እሾህ የለው፤ እንደ ተጨመቀ ፎጣ ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ ጉድ ነው። እሱ ግን የሱቁ መስተዋት ፊት አስቀምጦት፣ ደንበኛ ሲጠፋ በጺም መላጫው ብሩሽ አቧራውን ይጠርግለታል፤ ደንበኛ ሲበዛም ይጠርግለታል። እሱን እያየ ስንቱን ሰው አንድ ጎኑን አሳጥሮ ሸኝቷል። ተቆጥቶ የተመለሰ ካለም ስለ ተክሉ እያወራ ንዴቱን ያስረሳዋል።

ቁልቋሉ የሚኖረው በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ሽልማት ያለው የአበባና የተክል ትርኢት ሊከፈት ነው ሲባል፣ ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ በቆርቆሮ ተክለህ ሰው ፊት አታቀርበውም ብላ ዕቃ ልትሠራለት ተነሣች። ዕድሜ ልኳን ቀጥ ያለ እንስራ ስትሠራ የኖረች ሴት፣ ለጠማማው ብላ ትከሻው ያዘነበለ፣ ሆዱ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ሸክላ ሠራችለት። ሰውየው ሲያየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። ከዚያ ገልብጦ ሥሩን አየና ክው አለ፤ ውሃ መውጫ ቀዳዳ የለውም።

ቁልቋል ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ይህን ግን ለእሷ ማን ይንገራት? እሷ እኮ በእሳት የተተኮሰውን ዕቃ ሁሉ ውሃ ሞልታ ደረቅ ጋዜጣ ላይ ታሳድራለች፤ ጋዜጣው ከረጠበ ዕቃውን እዚያው በእጇ ትሰብረዋለች። የሚያፈስ ሸክላ ከእጇ ወጣ ከሚባል ሞቷን ትመርጣለች። ባል ሆዬ ገበያ እስክትወጣ ጠብቆ፣ ከጎረቤት አናጢ መሰርሰሪያ ተውሶ፣ ትንፋሹን ውጦ በሳው። ቁልቋሉን ተከለና ጭጭ አለ።

የትርኢቱ ዕለት ሰው ጠረጴዛውን ከበበው። ተክሉን ያየ ዕቃውን ያደንቃል፣ ዕቃውን ያየ ተክሉን ያደንቃል፤ ሰውየው እግሩ መሬት አልነካ አለው። ሚስትየውም ኩራት ቢጤ ተሰማትና፣ ምስኪን ይጠጣ እንጂ ብላ አንድ ኩባያ ውሃ ደፋችበት። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ከሥር ረጠበ። ጨርቁን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እጇ ሸክላውን ሊፈጠፍጥ ተነሣ።

ሰውየው ሸክላውን ከነቁልቋሉ እቅፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ የበሳሁት» አለ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማው። «አንቺ የሠራሽው ጠብታ አያፈስም።»

ዕቃውን ከእቅፉ ነጥቃ አዘነበለችና ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። ፈርቷት እንደሆነ አልደበቃትም።

«ጭቃው እርጥብ ሳለ ብትነግረኝ እኮ በዚህች ጣቴ እበሳልህ ነበር» አለችው። «እየው እስቲ፣ አይጥ የበላው አስመሰልከው።»

በትዳር ዘመኑ ስንት ነገር እንዲሁ በከንቱ ፈርቶ እንደዋጠ ትዝ አለውና ሳቁ አመለጠው። እሷም አልቻለችም። ዳኞቹ ማንን እንደሸለሙ እስከ ዛሬ ሁለቱም አያውቁም፤ የአሸናፊው ስም ሲጠራ አንዱ በሌላው ትከሻ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነበር።