ከአባቴ ቀድሜ የቆምሁ ዕለት

ልጄ ጽጌ ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች «በቀበሌው የውሃ ስብሰባ ላይ ልናገር ነው» ስትለኝ የያዝሁት ቆሎ ከእጄ ተበተነ።

«ምን አግብቶሽ!» አልኋት።

«እርስዎንስ በወጣትነትዎ ምን አግብቶዎት ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወጣት ፖለቲካ ውስጥ የሚገባው ደሙ ፈልቶ ነው ይባላል። ለሌላው እንጃ፤ እኔን ያስገባኝ ፍርሃት ነው።

ጓሳ ለመንዝ ሰው ተራ ሣር አይደለም። የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው። እስኪደርስ መስኩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሎች ይጠብቁታል፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አባቴ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ።

አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ሕዝቡን ሰበሰበ። የበልግ ጉም ከተራራው ወርዶ ጋቢያችንን አርጥቦታል። ከማዶ ቀበሌ አንድ ገበሬ እንዲሁ ስብሰባ ላይ ተናግሮ በመኪና ከተወሰደ ገና ሳምንቱ ነበር። አልተመለሰም፤ በጎቹን ሚስቱ ነበረች የምታግዳቸው።

«ጓሳ መዝጋት የባላባት ሥርዓት ነው» አለ ካድሬው። «ከነገ ጀምሮ ይታጨዳል። የሚቃወም አለ?»

ሰዉ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እኔ የማየው የአባቴን እጅ ነው። ሊነሱ ከዘራቸውን ጨብጠዋል። አባቴ ደግሞ አንዴ ከጀመሩ እንኳን ካድሬ የነፍስ አባታቸውም አይመልሷቸውም። እሳቸውንም በመኪና ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ቀድሜያቸው ቆምሁ።

«ሣሩ አልደረሰም» አልሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ የለውም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለ ካድሬው።

የአባቴን ስም ብጠራ የፈራሁትን ነገር በገዛ አፌ ላመጣባቸው ነው። ካድሬው ጥያቄውን ደገመው። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ ጠላ ሻጯ እትዬ በለጡ «የኛ ልጅ ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌም «የኛ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ተደጋገመ። አባቴም እንደ ማንኛውም ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «የኛ ልጅ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ካድሬው ሳቀ። ከቁጣ ይልቅ ሳቁ አስፈራኝ።

ጓሳው ሳይደርስ ታጨደ፤ ለጋው ሣር ክዳን አልሆነምና በዚያ ክረምት ጣሪያችን ሲያፈስ ከረመ። እኔም መኪና በተሰማ ቁጥር ገብስ ውስጥ እየገባሁ እተኛ ነበር። ማንም ሊወስደኝ አልመጣም፤ ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አባቴ ስለዚያ ቀን አላነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ እሳት እየሞቅን «ልነሳ እኮ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኋቸው።

ጽጌ ከቤት ስትወጣ ከዘራዬን ይዤ ተከተልኋት። አሁን ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ላይ ነኝ። እጇን አውጥታለች። የማን ልጅ ነሽ የሚላት ቢመጣ ከኋላ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።