ከአሜሪካዊቷ የተማርኩት አገውኛ

ያደግኩት ማርቆስ ነው። የተዳርኩለት ሰው ግን የዳንግላ ተወላጅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ገደማ ተጋብተን ዳንግላ ስገባ የተቀበለን የእናቱ ሣር ቤት ነው። ሰፊ ቤት ነበር፤ ይሞቃል፤ ዝናብ አያስገባም። የከበደኝ አማቴ ነበሩ።

አማቴ አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ። ገበያ ሲወጡ ከነጋዴዎቹ ጋር፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቄሱ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት። ከእኔ ጋር ግን ከአገውኛ በቀር አይናገሩም። እኔ ደግሞ አገውኛ አንድ ቃል አልሰማም። ውሃ ልቅዳ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው በአገውኛ ይመልሱልኛል፤ አዎ ማለታቸው ይሁን አይደለም ማለታቸው የማውቀው ከአገጫቸው ነበር። ባለቤቴን አስተምረኝ ብዬ ብለምነው፣ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ውዬ ቤቴም ገብቼ ላስተምር ወይ ይለኛል። እሳቸውን ስለምናቸው ደግሞ በአገውኛ አንድ ነገር ተናግረው ከብቶቹን ለማየት ይወጣሉ።

ስለዚህ ባለቤቴ እዚያው ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት መሥራት ሲጀምር የተደሰትኩት ለቆርቆሮው አልነበረም። በመካከላችን ግድግዳ ሊቆም በመሆኑ ነው። ጣሪያው ተመታ፣ ግድግዳው ተለሰነ፤ ኮርኒስ ብቻ ቀረው። ዕቃችንን ልናስገባ ስንል የከተማው ሹም ባለቤቴን አስጠራው። የወንዝ ውሃ የሚለካ አንድ አሜሪካዊ ከነሚስቱና ከነልጁ ዳንግላ ሊቀመጥ ነውና ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን አዲስ ቤት ያንተ ነው፣ ታከራያለህ አለው። እሺ ከማለት በቀር የሚመለስ ነገር አልነበረውም።

ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ቤቱን ማጣቴ አናደደኝ፤ ከዚያ በላይ ግን የሰውዬው ሥራ ግራ ገባኝ። ወንዝ መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። ለክቶ ምን ያደርግለታል? ባለቤቴም አላወቀም፤ አስተማሪ ስለሆነ ግን አላውቅም ማለት አይሆንለትም። ለዕውቀት ነው አለኝ።

አሜሪካውያኑ የመጡት በገበያ ቀን ነው። የጫናቸውን መኪና ከከተማው ወጣ ብሎ ጭቃ ስለያዘው ዕቃቸው በጋሪ ተጫነ። ከፊት በሚሄደው ጋሪ ላይ አንድ ነጭ የብረት ገንዳ ተደፍቶ ነበር፤ የገላ መታጠቢያ መሆኑን ያኔ ማን ያውቃል። ትንሿ ልጃቸው በገንዳው ላይ ተቀምጣ፣ እናትና አባቷ በእግራቸው ከኋላ ይከተላሉ። የገበያው ሰው ሸቀጡን እየተወ መንገድ ዳር ወጣ። አንዳንዱ የከብት ማጠጫ ነው አለ። አንድ ነጋዴ ግን ነጮች ሬሳ የሚቀብሩት በእንዲህ ያለ ብረት ውስጥ ነው፣ ሰው ሞቶባቸው ይዘውት መጥተዋል ብሎ አወራ። ወሬው ከጋሪው ቀድሞ እኛ በር ደረሰ። ጎረቤት ያሉ ሴቶች ለእንግዳ ሐዘንተኛ የሚገባውን ለማድረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና እያለቀሱ ተቀበሏቸው።

አሜሪካዊቷ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሴት ነበረች። ሴቶቹን ስታይ ቆመች። የአገሩ የአቀባበል ሥርዓት መስሏት ነው መሰል፣ ወይም መንገዱ አድክሟት፣ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ይህን ጊዜ ተጠራጥረው የነበሩትም አመኑ፤ ልቅሶው ደመቀ። ባለቤቴ ከወዲያ ወዲህ እየሮጠ ለሴቶቹ በአገውኛ፣ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ቢሞክር የሚሰማው አጣ። ገንዳውን ከጋሪው አውርደው ባዶ መሆኑ ሲታይ ነው ሴቶቹ ዝም ያሉት። አንዷማ የተታለለች ያህል ተቆጥታ ሄደች።

አሜሪካውያኑ የቆርቆሮው ቤት ገቡ፤ እኛም አማቴ ዘንድ ቀረን። ከዚያ ክረምት መጣ።

የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲጀምር የሚተው አይመስልም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ሆኖ ለሚሰማው ደግሞ አናት ላይ ድንጋይ የሚገለበጥ ነው የሚመስለው። ባልና ሚስቱ እየተጯጯሁም መሰማማት አቃታቸው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አመጣላቸውና እየጻፉ ይነጋገሩ ጀመር። ሰሌዳው ትንሽ ስለነበር ጠብ ሲነሳ አንዱ የጻፈውን ሌላው አጥፍቶ መልሱን ይጽፋል። በኋላ ሰሌዳውም አልበቃ አላቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲያይል አሜሪካዊቷ ልጇን አቅፋ እየሮጠች ሣር ቤታችን ገባች። ሣሩ ድምፅ አያስተላልፍም። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ ጸጥታውን ትንሽ አዳመጠችና በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት። አማቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላት። እኔ በዚያ ቤት ስኖር ያን ጋቢ ነክቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር መምጣት ነው። በመጨረሻ አሜሪካዊው ባለቤቴን አስቀመጠውና ቤት እንለዋወጥ አለው። ባለቤቴ በደንብ የሰማ አልመሰለውም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመው። ቆርቆሮ ያለው ሰው ሣር ቤት ይመኛል ብሎ ማሰብ ለእሱ ከባድ ነበር፤ ቢሆንም እሺ አለ። የቀረው አማቴ ነበሩ። እሳቸው ከተዳሩበት ቤት እንደማይወጡ፣ እንግዶቹ ከፈለጉ ግን አብረዋቸው መኖር እንደሚችሉ በአገውኛ ተናገሩና ነገሩ በዚያው አለቀ።

አሜሪካውያኑ ከአማቴ ጋር ሊኖሩ ሣር ቤት ሲገቡ፣ እኛ የቆርቆሮው ቤት ገባን። የብረት አልጋቸውና ገንዳው በሣር ቤቱ በር አላልፍ ስላሉ ለእኛ ተተዉ። አልጋው ላይ ተኛንበት፤ ገንዳውን ልብስ አጠብኩበት። የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ ማለት ነው፤ ዝናቡን እያዳመጥኩ ባሌን በጥቁር ሰሌዳ እራት ቀርቧል እለው ጀመር።

ያላሰብኩት ነገር ቅናቱ ነበር። አሜሪካዊው ሳምንቱን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ስለሚሰነብት ሚስቱ የምትውለው ከአማቴ ጋር ነው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ድምፃቸውን እሰማለሁ። አማቴ ዕቃ እያነሱ ስሙን ይነግሯታል፤ ትሳሳታለች፤ ይደግሙላታል፤ ትስቃለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ለእኔ የነፈጉኝን ቋንቋ ባሕር ተሻግራ ለመጣች ሴት በትዕግሥት ሲያጎርሷት ሰማሁ። ስለዚህ ከልቤ ጠላኋት።

እሷ አማርኛ የምትማር እንደሚመስላት ማናችንም አላወቅንም። እኛ አገውኛ መማር የወደደች መስሎናል። አማቴም ሴትየዋ አናግሩኝ ስላለቻቸው አናገሯት እንጂ በየትኛው ቋንቋ ብለው አልጠየቁም። ባሏ በበኩሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ዘንድ አማርኛ ይማር ነበር። እሑድ ባልና ሚስቱ የተማሩትን ሊፈታተኑ ሲቀመጡ አንዱ ያለው ከሌላው ጋር አይገጥምም። እሱ ውሃ ሲል እሷ ታርመዋለች። ቀኑን ሙሉ ከባላገሩ ጋር የምትውለው እሷ ስለሆነች እሱ ራሱን ተጠራጠረና ባለቤቴን በደንብ አስተምረኝ እያለ ይለምነው ነበር። ባለቤቴ ሰውዬው ቋንቋ አይገባውም ብሎ ያዝንለታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የውሃ ልኬቱን ሥራ ሊጎበኝ አንድ ሹም ከበላይ መጣ። አቀባበሉ በእኛ ግቢ ይሁን ተባለ። የከተማው ሰው፣ ከዘንገና በኩል ለገበያ የወጣው ገበሬ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ግቢውን ሞላው። ሹሙ ረጅም ንግግር አደረገ። አሜሪካዊው በእንግሊዝኛ አጠር አድርጎ መለሰ፤ ባለቤቴ ተረጎመ። ከዚያ አሜሪካዊቷ ድንገት ተነሳች። ባሏን በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለችውና ወደ ሕዝቡ ዞራ በአገውኛ መናገር ጀመረች።

ከኋላ አንዲት ባልቴት እልል አሉ። ገበሬዎቹ እየተጋፉ ወደ ፊት ቀረቡ። ሹሙ የአካባቢው ሰው አልነበረም፤ እንግሊዝኛዋን እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«እኔ እንኳ ጥቂት እሰማለሁ፤ ለሕዝቡ ግን ተርጉምለት» አለው።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትርጉም የማያስፈልገው ሕዝቡ ነበር። ባለቤቴ የሹሙን ፊት አየ፣ የሚስትየዋን ፊት አየ፣ ከዚያ አገውኛ ለሚያውቀው ሕዝብ አገውኛውን በአማርኛ ይተረጉም ጀመር። አሜሪካዊው ደግሞ አማርኛ ወደ አማርኛ ለምን እንደሚተረጎም ግራ ገብቶት አንዱን ከሌላው ሲያስተያይ ነበር።

የተናገረችው ያው ከአማቴ አፍ ስትሰማ የዋለችውን ነው። ሹሙን እንኳን ደህና መጣህ፣ ተቀመጥ፣ ከስተሃል፣ ብላ አለችው። ጥጃዋን ከቤት አስወጣልኝ አለችው። ባለቤቴ ይህንን «ለልማቱ በርቱ ብላለች» ብሎ አሳለፈው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰዎቹ ሁሉ ከእሷ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ እኔ ዞሩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ወንዝ አንድ ነገር ተናገረ።

ንግግሯን ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው በአገውኛ መረቋት፤ እሷም መለሰችላቸው፤ ተጨዋወቱ። ሹሙ ተገርሞ ባለቤቴን ጎተት አደረገው።

«እኚህ ገበሬ እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

ባለቤቴ ከዚህ ወዲያ እውነቱን መናገር ሹሙን ማሳፈር መሆኑ ገብቶታል። እዚሁ አገራቸው ነው የተማሩት አለው። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ሹሙ ትምህርት በገጠር እንዲህ መስፋፋቱን ለበላዮቹ እንደሚነግር ቃል ገብቶ ረክቶ ሄደ።

ሰው ሲበተን ባለቤቴ ለአሜሪካውያኑ ነገሩን አስረዳቸው። ባልየው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሚስትየዋ አልሳቀችም። ቤት ገብታ አማቴ አጠገብ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ግማሽ መንገድ የሄደችበትን ትታ ሌላ እንደማትጀምር ነገረችን። በአገውኛዋ ቀጠለች።

ባለቤቴን ስለ እኔ ምን ተባለ ብዬ ብጠይቀው ስለ ወንዝ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ የማልወዳት ሴት ዘንድ ሄድኩ። ጥቂት አማርኛ በጆሮዋ ገብቶላት ነበር፤ በእሱና በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። አማቴ በየቀኑ የሚሉትን ነው እንደ ጥሩ ንግግር የደገመችው፤ የልጄ ሚስት መልከ መልካም ናት፣ ጨው ታበዛለች፣ ቤቴን ስላልወደደችው አንድ ቀን ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ተናደድኩ። የሚሉትን ሳላውቅ በምን ልሳቅ? አሜሪካዊቷም አገር ለቅቃ፣ ሰው ሳታውቅ የመጣች መሆኗ ያን ቀን ነው የታየኝ። አስተምሪኝ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ልብስ ለማጠብ ከገንዳው ግራና ቀኝ ስንቀመጥ ታስተምረኝ ጀመር። አማርኛ ለእሷ፣ እንግሊዝኛ ለእኔ ስለማይበቃን ከመካከላችን ያለው አገውኛ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁለታችን እየሰባበርነው ነው። አገውኛ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ የሚነገር ቋንቋ ነው። እሷ ከፍ የሚለውን ዝቅ፣ ዝቅ የሚለውን ከፍ ታደርገዋለች፤ «ረ»ን ደግሞ ምላሷን አጥፋ ወደ ጉሮሮዋ ትወስዳታለች። እኔ ሌላ ስለማላውቅ እንደዚያው አድርጌ ያዝኩት።

ልቤ ሲደፍር አማቴ ዘንድ ገባሁና ያጠናሁትን ተናገርኩ። እሜቴ፣ ከእንግዲህ ጨው እቀንሳለሁ ነበር ያልኳቸው። አማቴ የሚፈትሉትን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ሳቅም ቁጣም ሲፈራረቅ አየሁ። ከዚያ ከተዳርኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገሩኝ።

«እንዲህ አይባልም» አሉኝ።

ከዚያ ያርሙኝ ጀመር። እኔን ለማስተማር ፈልገው አይመስለኝም፤ ቋንቋቸው እንዲያ ሲሆን መስማት አልቻል ብሏቸው ነው። ቃሉን በአገውኛ ያስተካክሉልኛል፣ ምክንያቱን በአማርኛ ያስረዱኛል፣ ከመካከሉ የጎረቤት ወሬ ይገባል። አንድ ቀን ወሬውን ስሰማ ሳቅኩ። ቀና ብለው አዩኝና ሌላ ወሬ ጨመሩ።

የወንዙ ልክ ታወቀና አሜሪካውያኑ ወደ አገራቸው ሄዱ። ሚስትየዋና አማቴ በር ላይ ተቃቅፈው ሲለያዩ የተባባሉትን አብዛኛውን ሰማሁት፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ከስተሻል፣ ልጅሽን ብርድ እንዳይመታት የሚል ነበር። እኔን ስትሰናበተኝ በአማርኛ ደህና ሁኚ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከዚያ ወዲያ አማቴና እኔ ብዙ ቦታ አብረን ሄድን። እንጅባራ ገበያ ላይ አንድ ማር ሻጭ አገውኛዬን ሰምቶ ዓይኑን አፈጠጠ። ፊቴ የአበሻ ነው፤ ከአፌ የሚወጣው ግን ሌላ ሆነበት። ወደ አማቴ ዘወር ብሎ ይቺ ሴት ፈረንጅ ናት ወይ ብሎ በአገውኛ ጠየቃቸው። አማቴ ማሩን በጣታቸው ቀመሱ።

«ነበረች፤ አሁን ለምዳለች» አሉት።