ሙሽራ ቀለህ፣ ሚዜ ቀለህ

በስደት አገሬ፣ ትሮይቪል ሰፈር ያለችውን የአትክልት ሱቄን ያከራየኝ ሽማግሌ ቦር፣ የአገሩ ነጭ፣ በዓለም ላይ የሚያምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጠመንጃውንና ሚዛኑን። እኔ «ኦም» እለዋለሁ፤ በነሱ ቋንቋ አጎት እንደማለት ነው። እሱ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ማይፍሬንድ» ይለኛል። ስድስት ዓመት በዚህ ዝምድና ኖረናል፤ አጎቴ ስሜን አያውቅም፣ እኔም ወዳጁ ሆኜ አላውቅም።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ፀጉር ሰሪ ሱቄ ገብታ፣ ምንም ሳትገዛ ግድግዳውን በእጇ ዳብሳ ወጣች። ግድግዳ የሚዳብስ ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም ስገባ ዳብሼዋለሁ። ወደ ኦም ሮጥኩ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ባልዲ ቀለህ ከፊቱ አስቀምጦ አገኘሁት፤ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ናስ።

«ኦም፣ የኮንትራቱ ነገር…»

«ዓይኔ ደክሟል» አለኝ። «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የክለባችን ውድድር አለ። ይህን ለይልኝ። በትክክል ከለየህ ለአምስት ዓመት እፈርምልሃለሁ። አለዚያ ፀጉር ሰሪዋ ትገባለች።»

አሠራሩን አሳየኝ። ቂጡ ላይ የታተመውን ፊደል እያዩ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው መለየት። አንገቱ የተሰነጠቀውን መጣል። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ወደ ውስጥ እየሰደዱ ግድግዳው የሳሳውን በጣት ስሜት መለየት። ቁመቱን ለክቶ የረዘመውን መከርከም፣ አፉን መሞረድ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን በወርቅ ሠሪ ሚዛን መመዘን።

«ባዶውን?»

«ባዶውን። ከበድ ያለው ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ይጠብባል። ያው ባሩድ ጠባብ ቤት ሲገባ ኃይለኛ ይሆናል፣ አረሩም ሌላ ቦታ ይመታል።»

ጠባብ ቤት የገባ ኃይለኛ እንደሚሆን ለእኔ አይነገረኝም፤ ሂልብሮው ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ለሰባት ኖሬያለሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። «እኛ ሙሉውን በዓይን እየገመትን እንሸጣለን፤ እሱ ባዶውን ይመዝናል! ጌታ ይርዳው።»

ሁለት ቀን እንደ ቅን ሰው ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ቆሰለ፣ ዓይኔ ተንሸዋረረ። ያኔ የአገሬ የሆሳዕና ከተማ ገበያ ትዝ አለኝ። ቲማቲም እየደረደርኩ ያደግኩበት ሕግ አንድ ነው፤ ሙሽራ ከፊት፣ ሚዜ ከኋላ፤ ያማረው ይታያል፣ ተራው ይደበቃል። የቀለሁ ሣጥን አምስት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ አሥር ቀዳዳ። የፊቱን ረድፍ አንድ ፊደል፣ አንድ ክብደት አድርጌ ሞላሁት። የኋላዎቹን አራት ግን ስንጥቅና ስስ እንዳይኖርባቸው ብቻ አይቼ፣ እንደ ሰርግ ወርቅ ወልውዬ ደባለቅኳቸው። ባሩዱንና አረሩን ኦም ራሱ ሞላ።

የውድድሩ ቀን ቦርሳውን ተሸክሜ ሄድኩ። ኦም በሆዱ ተኝቶ የመጀመሪያውን ረድፍ ተኮሰ። አሥሩም ጥይት አንድ የኮካ ቆርኪ የሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፈ።

«ማይፍሬንድ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ኮንትራቱን ከኪሱ አውጥቶ ቦርሳው ላይ ዘረጋ፤ ብዕሩንም ላዩ ላይ አኖረ። እኔ በልቤ ፀጉር ሰሪዋን ሸኘኋት።

ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ቀጠለ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱማ የጎረቤቱን የዒላማ ወረቀት ሊሳለም ትንሽ ቀረው።

«ሃይቦ!» አለ ተገርሞ ከኋላችን አንድ የክለቡ ሽማግሌ። «ነፋስ ነው?»

«ነፋስማ ለሁላችንም ነው የሚነፍሰው» አለ ሌላው።

ኦም አልተናደደም፤ ቢናደድ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳና ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ። የቀለሆቹን ቂጥ አንድ በአንድ አየ።

«መነጽር ነበረህ እንዴ?» አልኩት።

«ዓይኔ ደክሟል አልኩህ እንጂ ጠፍቷል አልኩህ?» ኮንትራቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ስድስት ዓመት ካንተ ቲማቲም ገዝቻለሁ። ሁልጊዜ እጄን ሣጥኑ ሥር የምሰደው ለምን ይመስልሃል? ሳምንት አለህ፤ እንደገና ለይ። የምፈትሸውም የሣጥኑን የመጨረሻ ረድፍ ነው።»

ባልዲውን ይዤ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ጥይት ነጋዴ ይልሃል» አለች። «ባዶ ቀለህ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ያን ሳምንት ሱቁን ለሷ ትቼ ቀለህ ስመዝን ከረምኩ። ስተኛ እንኳ ሚዛኑ ዓይኔ ላይ ይወዛወዝ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ኦም እንዳለው ከመጨረሻው ረድፍ ሦስት አንስቶ መዘነ፣ ሦስቱም እኩል ሆኑ። ለአምስት ዓመት ፈረመ።

በማግስቱ ሱቅ መጣ። እንደ ልማዱ እጁን ቲማቲሙ ሥር ሰደደና አንድ አወጣ፤ ቀይ፣ ጠንካራ፣ እንከን የሌላት። ሌላ አወጣ፤ እሷም ሙሽራ።

«ማይፍሬንድ፣ ተምረሃል!» አለ። ደስ ብሎት፣ መነጽሩንም ሳያወጣ፣ ከላይ ከላዩ ሁለት ኪሎ ዘግኖ ሄደ።

ሚዜዎቹን ያደረግኳቸው ከላይ ነበር።